መልስ፦ «ሆምጎይንግ» ውስጥ ትውልዱ ለተምታታብህ

«የደራሲ ያ ጃሲን ልቦለድ ‹ሆምጎይንግ› ጀምሬ ገጸ ባሕርያቱ ተምታቱብኝ፣ ልተወው?» ላልከው፦ ኧረ እንዳትተወው!

መነሻው 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የዛሬዋ ጋና። ኤፊያ እንግሊዛዊ አግብታ ኬፕ ኮስት ምሽግ ላይ ትኖራለች። በእናት እህቷ የሆነችው ኤሲ ደግሞ እዚያው ከሥሯ፣ ምድር ቤት ታስራ የባሪያ መርከብ ትጠብቃለች። አይተዋወቁም።

ከዚያ ምዕራፎቹ በሁለቱ ዘሮች መካከል ይፈራረቃሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ነው። መጽሐፉ መግቢያ ላይ ያለውን የዘር ሐረግ እያየህ አንብብ፣ በቃ ይገለጥልሃል። እኛ የምናውቀውን የቤተሰብ ምስጢር ልጆቹ አያውቁትም፤ ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው። ጃሲ ይህን የበኩር ልቦለዷን በ2016 ስታሳትም ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበረች፤ በጣም ይገርመኛል።

ቢያንስ ኤች የተባለው እስረኛ አላባማ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚወርድበትን ምዕራፍ ሳታነብ አታቁም።