መስከረም ሲጠባ ግቢን ማሰናዳት፦ የላስ ቬጋስ ሰዎች ጥያቄዎች

ላስ ቬጋስ ውስጥ በሰው ግቢ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት መስከረም ሲጠባ መሬቱ አደይ ይለብሳል። እዚህ ደግሞ ከበጋው ንዳድ የተረፈው ተክል ገና ትንፋሹን መመለስ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ መጋዝና መቀስ ይዞ የሚወጣውም ያኔ ነው። ብዙ ዛፍ የሚጎዳው በዚሁ ችኮላ ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል። ባለፈው እሑድ ጠበል ጻዲቅ ላይ ጥያቄው ሲበዛ፣ ቁጭ ብዬ በጽሑፍ እንደምመልስ ቃል ገብቼ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ሠራተኛ መጥቶ "ዛፎቹን ግማሽ በግማሽ እናሳጥራቸው፣ ግቢው ይጸዳልሃል" አለኝ። ላስቆርጥ?

ወንድሜ፣ እባክህ አታስቆርጥ። እዚህ አገር የዛፍ ልብሱ ቅጠሉ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማችን 120 ፋራናይት ገብታለች፤ ወደ 49 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ግንዱን ከዚያ ፀሐይ የሚከልለው የራሱ ጥላ ነው። ጥላውን ስትገፈው ልጡ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ተባይ ይገባበታል። በሰኔ ያለ ልክ የተከረከመ የሎሚ ዛፍ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ጎኑ ልጡ እንደ ደረቀ ቆዳ ተነስቶ፣ በጣቴ ስነካው ረገፈ። ከውስጥ እንጨቱ ግራጫ ሆኗል። ያ ጎን አልዳነም።

አሁን የሞተውን፣ የተሰበረውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ብቻ አንሳ። አሁን ብዙ ከቆረጥክ ዛፉ ለጋ ቅጠል ያወጣል። ያንን ለጋ ደግሞ የኖቬምበርና የዲሴምበር ውርጭ ይመታዋል። ቅርጽ ማስያዝ ከፈለግህ፣ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ከሆነ ጃንዋሪ ላይ፣ ተኝቶ ሳለ ይሁን። ያኔም ቢሆን በአንድ ዓመት ከሩብ በላይ አትንካ። ሎሚና ብርቱካን ብርዱ እስኪያልፍ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ቡገንቪሊያዬ በየዓመቱ በብርዱ ይጠቁራል። ሲያስጠላኝ እቆርጠዋለሁ። ልክ ነኝ?

እህቴ፣ ሲያስጠላሽም ታገሺው። የጠቆረው ቅጠልና ጭራሮ ከሥሩ ያለውን ሕያው ግንድ ያለብሰዋል። ማርች ገፋ ብሎ አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ፣ የሞተው የትኛው እንደሆነ ራሱ ያሳይሻል። ያኔ ቁረጪ።

ጥያቄ፦ ጠብታ መስኖ (ድሪፕ) አለኝ። ውሃ በደንብ እየከፈትኩ ግማሹ ተክል ደረቀ። ምን ላድርግ?

የመስከረም ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ታይመሩን ከመጨመርህ በፊት ቱቦውን እጠበው። ውሃችን 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሚድ በኩል ይመጣል፤ ካልሲየም የበዛበት ከባድ ውሃ ነው። ሻይ ማፍያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የጠብታ ማውጫዋንም ቀዳዳ ይደፍናል።

የቱቦውን የመጨረሻ ጫፍ ክዳን ፍታና ውሃውን ልቀቀው። መጀመሪያ ቡናማ፣ አሸዋ ያዘለ ውሃ ይወጣል። ኩልል እስኪል ጠብቅ። ቀጥለህ ማጣሪያውን አውጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። የተደፈነችውን ጠብታ ማውጫ አቼቶ ውስጥ አሳድራት። አሁንም ካልከፈተች በአዲስ ቀይራት፤ ዋጋዋ ኢምንት ነው።

ሌላው፣ ጠብታ ማውጫዎቹ የት እንዳሉ ተመልከት። ችግኙ ሲተከል ግንዱ ሥር የተደረጉት፣ ዛፉ ከቤቱ ጣራ በላይ ካደገም በኋላ እዚያው ይገኛሉ። ውሃውን የሚስበው ሥር ግን ርቆ ሄዷል፤ ቅርንጫፉ የሚያበቃበት ዙሪያና ከዚያም ወዲያ ነው። ጠብታዎቹን ወደዚያ አውጣቸው። አበባ እስከ 1 ጫማ፣ ቁጥቋጦ እስከ 2፣ ዛፍ እስከ 3 ጫማ ጥልቀት መሬቱ ይራስለት። ውሃ ካጠጣህ በኋላ ረጅም ቀጭን ብረት መሬት ውስጥ ስደድ። እርጥቡ ድረስ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ድንጋይ ወይም ካሊቺ የሚባለው እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ የአፈር ንብርብር ከገጠመህ ግን ሌላ ቦታ ሞክር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የውሃው ቀን መቼ መቼ ነው? ወረቀት ይልካሉ፣ አልገባኝም።

እማማ፣ ግቢ ማጠጣት የሚፈቀደው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር በሳምንት 3 ቀን ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በሳምንት 1 ቀን ብቻ። የትኛው ቀን እንደሆነ በቤትዎ አድራሻ ይለያያል። እሑድ ዓመቱን ሙሉ አይፈቀድም። ወረቀቱን ይዘውልኝ ይምጡ፤ ታይመሩን እኔ አስተካክልልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ዘንባባው የደረቀ ቅጠል ተንዠርግጎበታል። መሰላል አለኝ፣ ራሴ ልውጣ?

አትውጣ። ቁመትህ የማይደርስበትን ዘንባባ ለባለሙያ ተው። ያ የደረቀ ቅጠል ብዙ ዓመት ተደራርቦ ክብደቱ አይጣል ነው። ከሥር ሆነው ሲቆርጡት በላያቸው ተንዶ፣ እዚያው እንደታሰሩ ታፍነው የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ባለሙያውንም ቡናማውን ብቻ እንዲያነሳ ንገረው። አረንጓዴው ምግቡ ነው፤ ለሆሳዕናም ይተርፈናል።

ጥያቄ፦ ጊንጥ እፈራለሁ። ትናንሽ ልጆች አሉኝ።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። የባርክ ጊንጥ ትንሽና ገለባ መልክ ያለው ነው፤ ግድግዳ ይወጣል፣ ከእንጨት ሥር ተገልብጦ ይንጠለጠላል። ክምር ጡብና የተቆለለ ቅርንጫፍ አታቆዪ፤ ቆሻሻው በወጣበት ቀን ከግቢ ይውጣ። ስታነሺ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጊ፤ እጅሽን ወደማታይው ቦታ አትስደጂ። ማታ ሲጨልም የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዘሽ አጥሩን ዙሪው። ጊንጡ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ የት የት እንደሚውል ታውቂያለሽ። ልጅ ከተነደፈ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ደውዪ። ትንፋሹ ካስቸገረው ወይም ዓይኑ ከተንከራተተ 911።

ጥያቄ፦ የኦሊያንደር አጥራችንን ከርክመን ቅርንጫፉን ለከሰል ማቀጣጠያ ብናደርገውስ?

በፍጹም! ሁለመናው መርዝ ነው፣ ጭሱም ጭምር። በከረጢት አስራችሁ ጣሉት።

ጥያቄ፦ ሣር በሕግ ተከልክሏል ይባላል። የጓሮዬን ላንሳ?

የ2021ዱ የኔቫዳ ሕግ የመንገድ አካፋይ፣ የቢሮ ደጅና የመሳሰሉትን ለጌጥ ብቻ ያለ ሣር የሚመለከት ነው። የግል መኖሪያ ቤትህን አይነካም። ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ ተወው። የማይረገጥ ሣር ከሆነ ግን ብታነሳው ደስ ይለኛል፤ በዓመት 4 ኢንች ያህል ብቻ በሚዘንብበት ከተማ ነው ያለነው።

ጥያቄ፦ ቲማቲሙን ነቅዬ ባዶ መደብ አለኝ። ለጎመን ዘገየሁ?

እንዲያውም ጊዜው አሁን ነው። ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ እስከ ኦክቶበር ችግኝ አድርገሽ ትከዪ። አፈራችን ጨዋማና ሕይወት የሌለው ስለሆነ ብዙ ኮምፖስት ቀላቅዪበት። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ከሰዓት ፀሐይ በጨርቅ ከልዪው። የጥብስ ቅጠሉ ዳር ላይ ካለ አትንቀዪው፤ እሱ ይህንን በረሃ ለምዶታል። ጎመኑ ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል፤ ለገና ከራስሽ መደብ ትቆርጫለሽ።