አዲስ ፋንታዚ አኒሜ ከመጀመሪያው ክፍል ይታወቃል?

ሰላም ወንድሜ። አዲስ ሲዝን ሲጀመር የትኛው ፋንታዚ አኒሜ (የምትሃት ዓለም የጃፓን ካርቱን) እንደሚያዛልቅ ከመጀመሪያው ክፍል ይታወቅ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ይታወቃል ባይ ነኝ። ግን በውጊያው አትፍረድ።

ፍሪረን የተባለውን ተከታታይ አኒሜ ውሰድ። ማድሃውስ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች በጃፓን ቲቪ በአንድ ምሽት ተላለፉ። ታሪኩ የሚነሳው ሌሎቹ ከሚያበቁበት ነው፤ የአጋንንቱ ንጉሥ ተሸንፏል፣ ጀግኖቹ ከ10 ዓመት ጉዞ ተመልሰዋል። የተወርዋሪ ኮከቦችን ዝናብ አብረው ያዩና ከ50 ዓመት በኋላ ደግመን እናያለን ተባብለው ይለያያሉ። ከጀግኖቹ አንዷ ፍሪረን ኤልፍ፣ ማለትም እጅግ ረጅም ዘመን የምትኖር ፍጡር፣ ስለሆነች 50 ዓመት ለእሷ ምንም አይደለም። ስትመለስ ያ መልከ መልካም የቡድኑ መሪ ሂመል አጥሮ፣ ተመልጦ፣ ጢሙ ሸብቶ ታገኘዋለች። ቀብሩ ላይ መጀመሪያ ፊቷ ምንም አያሳይም፤ ሰዉም ያማታል። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። የሰው ዕድሜ አጭር እንደሆነ እያወቀች ለምን ይበልጥ ልታውቀው እንዳልሞከረች ራሷን ትጠይቃለች። አንጀት ይበላል! ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በጃንዋሪ 2024 የጀመረው የስቱዲዮ ትሪገሩ ዴሊሸስ ኢን ደንጀንም እንዲሁ ነው። ላዮስ እህቱን ዘንዶ ውጦበታል፣ የስንቅ ገንዘብ የለውም፣ ስለዚህ እሷን ለማዳን ጭራቅ እየበሉ ወደ ደንጀኑ፣ ማለትም ጭራቆች ወደሞሉበት የምድር ውስጥ ዋሻ፣ መውረድ ግድ ይሆናል። ድዋርፉ (ድንክ ፍጡሩ) ሴንሺ ጊንጡን ከእንጉዳይ ጭራቅ ጋር ሲቀቅል ዓለሙ እንዴት እንደሚሠራ ወዲያው ይገባሃል።

ስለዚህ ገጸ ባህሪው ምን እንዳጣ፣ ምን እንደሚፈልግ ፈልግ። ያ በመጀመሪያው ክፍል ከሌለ እኔ ብዙም አልጠብቅም። አንተ ግን በፍሪረን ጀምር፣ 4ቱንም በአንዴ እይ።