ዝም ብሎ የሚያድግ ጀግና፦ የአይድል ጌም ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አይድል ጌም፣ ማለትም ተጫዋቹ ሳይነካውም በራሱ ስለሚቀጥል ጌም፣ የሚላኩልኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ገና ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ ከጀመሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። ዛሬ ስድስቱን እመልሳለሁ።

«ጓደኞቼ አይድል አርፒጂ (ጀግና የሚያሳድጉበት አይድል ጌም) ጀምረናል ይላሉ። ስልካቸውን ሲነኩ ግን አላይም። ታዲያ ማን ነው የሚጫወተው?»

ጌሙ ራሱ ነዋ! ጀግናው ይዋጋል፣ ዕቃ ይለቅማል፣ ሌቭል ይጨምራል፤ ባለቤቱ ሥራው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፕሮግረስ ክዌስት ነገሩን ጥግ ድረስ ወስዶታል። ካራክተርህን ከፈጠርክ በኋላ ምንም የምታደርገው ነገር የለም፤ ማየት ብቻ ነው። የአሁኖቹ ግን ውሳኔ ይተዉልሃል፦ ምን ይልበስ፣ የት ይዋጋ፣ ወርቁ በምን ይውጣ። ጨዋታው ያለው እነዚህ ጥቂት ውሳኔዎች ላይ ነው። ጓደኞችህ ጠዋት አምስት ደቂቃ አስበውበት፣ ማታ ውጤቱን ያያሉ።

«አይአርሲ በሚባለው የቆየ የጽሑፍ ቻት ላይ ያለውን፣ ስሙም አይድል አርፒጂ የሆነውን ጌም ተቀላቀልኩ። ገና ከመግባቴ ‹ሰላም ናችሁ› ብል ቅጣት መጣብኝ። ምን አጠፋሁ?»

ሰላምታሽ ምንም ክፋት የለውም፤ የጌሙ ደንብ ነው። እዚያ ሌቭል የሚጨምረው ዝም በማለት ነው። ቻናሉ (የቻት ክፍሉ) ውስጥ ሆነሽ ዝም ካልሽ ሰዓቱ ይቆጥርልሻል። ከተናገርሽ፣ ስምሽን ከቀየርሽ ወይም ከወጣሽ የምትጠብቂው ጊዜ ይረዝማል።

ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅምሻል። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ሌቭል 600 ሰከንድ ይፈጃል፤ 10 ደቂቃ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ካለፈው በ16 በመቶ ይረዝማል። 16 በመቶ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ግን ከሌቭል 20 ወደ 21 ለመሻገር 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠብቂያለሽ። ከ30 ወደ 31 ከ14 ሰዓት በላይ ነው። ከ40 ወደ 41 ደግሞ 63 ሰዓት ያህል።

ቅጣቱም በየሌቭሉ በ14 በመቶ ያድጋል። አሁን ሌቭል 0 ላይ 20 ፊደል ብትጽፊ የሚጨመርብሽ 20 ሰከንድ ብቻ ነው። ሌቭል 30 ላይ ያቺው 20 ፊደል 17 ደቂቃ ታስከፍልሻለች። ቻናሉን ለቀሽ ብትወጪ ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ስህተትሽ የመጣው በጥሩ ሰዓት ነው፤ ምንም አልከሰርሽም። የምትጠሪበትን ስም ከአሁኑ ወስኚ፣ በኋላ መቀየሩ ውድ ነው። መስመሩ የማይቆራረጥ ኮምፒውተር ካለሽ እሱ ላይ ክፈቺው። ወሬ ካማረሽ ሌላ ቻናል ግቢ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ ስትዪ ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር ለክዌስት (ለጋራ ተልዕኮ) ልትመረጪ ትችያለሽ። ያን ጊዜ ከአራታችሁ አንዱ ከተቀጣ ክዌስቱ ይፈርሳል፤ ቅጣቱም ለሁሉም ተጫዋች ይተርፋል። እኔ ይህን ጌም የወደድኩት በዚህ ነው። የማያውቁህ ሰዎች ስላንተ ብለው ዝም ይላሉ።

«የትኛውን ክላስ (የጀግና ዓይነት) ልምረጥ?»

በአይአርሲው ጌም ክላስ እንዲሁ ስም ነው፤ ደስ ያለህን ጻፍ። በሌሎቹ ላይ ብቻውን ሳይሞት የሚቆየውን ምረጥ። ኃይለኛ መቺ ሆኖ ቶሎ የሚወድቅ ጀግና አንተ በሌለህበት አይሆንም።

«ጌሙ ‹ሁሉን ትተሽ ከዜሮ ጀምሪ፣ ሁለት እጥፍ ኃይል እሰጥሻለሁ› ይለኛል። አምስት ቀን የለፋሁበት ነው፤ አሳዘነኝ።»

ሲያሳዝን አውቀዋለሁ። ግን አድርጊው። እንዲህ አስቢ፦ ደረጃ 80 ለመድረስ 5 ቀን ፈጀብሽ እንበል። ወደ 81 ለማለፍ ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን ይጠይቅሻል። ሪሴት ካደረግሽ በሁለት እጥፍ ኃይል እዚያው 80 ላይ በ2 ቀን ተኩል ገደማ ትመለሻለሽ። ከዚያ በኋላ 81ም 82ም እንደ ድሮው አይከብድሽም። እነዚህ ጌሞች ዋጋቸው በየደረጃው በብዜት ስለሚያድግ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ማለታቸው አይቀርም። ሪሴት የተሠራው ያንን ግድግዳ ለማለፍ ነው። ታዲያ ቶሎ ቶሎም አይደረግም። የሚሰጥሽ ጭማሪ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ትንሽ ቆዪ። እጥፍ ከሆነና ጉዞሽ ከቆመ አታመንቺ። ከመጫንሽ በፊት ግን የሚጠፋውንና የሚቀረውን አንብቢ፤ አንዳንዱ ጌም ያልተጠቀምሽበትን ወርቅ ሁሉ ይወስዳል።

«ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ላድርገው?»

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጌሙ የወጣህበትን ሰዓት መዝግቦ ስትመለስ ልዩነቱን ያሰላልሃል። ገደብ ግን አለው። ሜልቮር አይድል ለምሳሌ እስከ 24 ሰዓት ያለውን ያስብልሃል፤ ከዚያ ያለፈው ባዶ ነው። በዚሁ ጌም ጀግናው ውጊያ ላይ ከሞተ ከለበሰው ዕቃ አንዱ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን እንጨት ይቁረጥ ወይም ዓሣ ያጥምድ። ከባዱን ጠላት አጠገቡ ስትሆን ግጠመው።

ይልቅ ስለ ሴቭ (ስለተቀመጠው ጨዋታህ) ተጨነቅ። ብራውዘር ላይ የምትጫወት ከሆነና በአካውንት ካልገባህ፣ ጀግናህ የሚኖረው እዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው። እኔ አንድ ቀን ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ የብራውዘሬን ዳታ አጸዳሁ። ጌሙን ስከፍት «ስምህን አስገባ» አለኝ። አራት ወር ያሳደግኩት ጀግና የለም። ሴቲንግ ውስጥ ሴቩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቁልፍ ነበረ፤ ስንቴ አይቼው አልፌዋለሁ። ስትጫነው ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ይሰጥሃል። ኮፒ አድርገህ ለራስህ ኢሜይል ላከው፣ በየሳምንቱ።

«ብርቅ የሆነው ጀግና በዕጣ የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው። ለ100 ሙከራ ብከፍል የግድ አገኘዋለሁ አይደል?»

አታገኘውም ይሆናል። እያንዳንዱ ሙከራ ለብቻው ነው፤ ያለፈውን አያስታውስም። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ጊዜ ቢሞክሩ፣ 37 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። አንዳንድ ጌም «ከይህን ያህል ሙከራ በኋላ በእርግጠኝነት ይሰጣል» የሚል ዋስትና አለው። መጀመሪያ እሱን ፈልገህ አንብብ። ከሌለ ገንዘብህን ያዝ። በመጀመሪያው ወር ደግሞ ምንም አትግዛ፤ ጌሙን ትወደው አትወደው ገና አላወቅክም።