ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ከቪዲዮ እያየሁ በዘይት ቀለም እሥላለሁ። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ያለ የፈረንጅ አገር ጫካ፣ በመሐሉ ጅረት የሚያልፍበት፣ ሥዬ አጎቴ ሱቁ ውስጥ ሰቀለልኝ። ሁለት ሰዎች ተመሳሳዩን አዘዙኝ። አባቴ ግን አካውንቲንግ ተማሪ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። እጅሽ ጥሩ ነው። የዛፎቹ ነጸብራቅ ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ጥቁሩ ግንድ ውሃው ውስጥ ትንሽ ፈካ፣ ነጣ ያለው ሰማይ ደግሞ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ብዙ ጀማሪ ይህን ልብ አይልም።

ይህን ሥዕል ግን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማመልከቻ አታቅርቢው። የትኛው ቢጫ ከየትኛው ቡኒ ጋር እንደሚሄድ ሌላ ሰው ወስኖልሻል። መምህራን ማየት የሚፈልጉት አንቺ ራስሽ አይተሽ የመረጥሽውን ነው።

ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሸራሽን ይዘሽ ውጪ። ፈረንጅ አገር ቅጠል የሚረግፈውም በዚሁ ሰሞን ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ አረንጓዴው ከቅጠሉ ይጠፋል፤ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይወጣል። እኛ ጋ ዛፉ አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ ቢጫው መሬት ላይ ነው፣ አደይ አበባው። ውሃውም ይለያል። ጥርት ያለ ጅረት ላይ ጥላ ሲያርፍ ከሥር ያለው ጠጠር ይታያል። ከክረምቱ የተረፈ ድፍርስ ውሃ ላይ ግን ጥላው ራሱ ቡናማ ሆኖ ይተኛል። ዓባይ ዳር አንድ ጠዋት ብትቀመጪ ይገባሻል። ዘጌ ከሄድሽ ደግሞ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው አለልሽ፤ ብርሃኑ እዚያ ተቆራርጦ ነው የሚወርደው። አረንጓዴውን ከቱቦ እንዳለ አትቀቢ። ከሰማያዊና ከቢጫ ቀላቅለሽ ትንሽ ቀይ ጣል አድርጊበት፤ የቅጠል መልክ ይይዛል።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። መስፈርቱን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጠይቂ። እስከዚያው ቀለሙን ቀነስ አድርገሽ በእርሳስ ንድፍ ሥሪ፦ እጅ፣ ፊት፣ ጀበና፣ ወንበር። ንድፍ የሌለው ሠዓሊ ቀለም አያድነውም። ከከተማሽ መራቅ ከከበደሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ፋሽን ዲዛይን እዚያ ይሰጣል። ቀለም ለገባው ሰው ጥሩ መንገድ ነው፤ ለአባትሽም ቢሆን ይህን ማስረዳት ይቀላል።

አባትሽን አትሟገቻቸው። የሚፈሩት ነገር አለ፤ ሥዕል በየወሩ ደሞዝ አይከፍልም። ደብተር ያዢ። የሸራ፣ የቀለምና የፍሬም ወጪ፣ የሠራሽበት ሰዓት፣ የተቀበልሽው ብር ሁሉ ይጻፍ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ይዘሽ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ያኔ ሒሳቡ አላዋጣም ካለ አካውንቲንጉን እየተማርሽ ቅዳሜና እሑድ መሣል ትችያለሽ። ብዙ ሠዓሊ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የኖረው፤ ይህ ሽንፈት አይደለም።

ሁለቱን ትዕዛዝ ተቀበዪ፤ ግማሹን ቀብድ ሳትይዢ ግን አትጀምሪ። ቀኑን ስትቆርጪም ተጠንቀቂ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው፤ ወፈር ካለ ሳምንታት ይፈጃል። ከሥር በተርፔንታይን የቀጠነውን፣ ከላይ የተልባ ዘይት የበዛበትን ቀቢ። ከተገላበጠ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ደንበኞችሽ ቢቸኩሉም ሳይደርቅ አትስጪያቸው።