ዚንኩን ማን ይዞታል? ለወጣት የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣቶች፤

በትምህርታችሁ «ይህ ኢንዛይም ዚንክ አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም በቃላችሁ ይዛችሁት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ታልፋላችሁ። የሥራ ዘመኔን ፕሮቲን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን በማጥናትና በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ጥቂት እንድትቆዩ እለምናችኋለሁ። ዚንክ መኖሩን ማወቅ ብቻውን እምብዛም አያራምድም። የሚያራምደው ዚንኩን የያዙት እነማን እንደሆኑ፣ ክፍት የተተወውን ቦታ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ማን እንደያዘው መጠየቅ ነው።

ከችግሩ እንነሣ። አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው የፔፕታይድ ትስስር እጅግ ጽኑ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በገለልተኛ ፒኤች ውሃ ውስጥ ያለ ምንም ረዳት ቢተው፣ ከትስስሮቹ ግማሹ እስኪፈርስ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያልፋሉ። የናይትሮጅኑ ኤሌክትሮኖች ወደ ካርቦኒሉ (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር ወደተያያዙበት ክፍል) ስለሚያደሉ ካርቦኑ ለጥቃት አይመችም፤ ውሃ ራሱም ደካማ አጥቂ ነው፤ ጥቃቱ ቢሳካ እንኳ ናይትሮጅኑ ፕሮቶን ካላገኘ በቀላሉ አይለቅም። ኢንዛይሙ እነዚህን እንቅፋቶች ሁሉ በአንድ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ማቃለል ይጠበቅበታል።

ለዚህ ሥራ ዚንክ የተመቸበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል። በፕሮቲን ውስጥ ያለው ዚንክ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ አዮን ሲሆን፣ የዲ ምህዋሩ በ10 ኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው። ስለዚህ በሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን እየሰጠና እየተቀበለ እንደ ብረትና እንደ መዳብ ጎጂ ራዲካሎችን አይፈጥርም። ይህ ሙሉነቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዙሪያው የሚቆሙትን አተሞች በአንድ ቅርጽ እንዲደረደሩ አያስገድድም፣ በአራት ተይዞ ሳለ አምስተኛ ቢመጣበት ይቀበላል፣ መልሶም ይለቃል። የኤሌክትሮን ጉጉቱ ግን ብርቱ ስለሆነ የያዘው ውሃ ፕሮቶኑን ለመልቀቅ ይቀለዋል። የተራ ውሃ ፒኬኤ (ዝቅ ባለ ቁጥር ፕሮቶን መልቀቅ እንደሚቀል የሚያሳይ መለኪያ) 15.7 ገደማ ነው፤ ዚንክ በስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ብቻ ሲከበብ ይህ ቁጥር ወደ 9 ይወርዳል፤ ፕሮቲኑ በሚያበጀው አካባቢ ደግሞ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ይኸው የተሞላ ምህዋር ዚንክን ቀለም የለሽና ለብዙ መለኪያዎቻችን የማይታይ አድርጎታል። ተመራማሪዎች በእርሱ ቦታ ኮባልት እየተኩ ቀለሙን የሚከታተሉት ለዚህ ነው፤ ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ የተባለው ፕሮቲን ሰባሪ የዚንክ ኢንዛይም ከኮባልት ጋር ፔፕታይድን ከዚንኩ እንኳ ይልቅ በፍጥነት መስበሩም ብዙ ተማሪዎችን ያስገርማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድን ምሳሌ እስከ ጥጉ ማወቅ አሥሩን በጨረፍታ ከማወቅ ይሻላልና፣ የእኔ ምርጫ ቴርሞላይሲን ነው። ይህ ሙቀት ከሚቋቋም ባክቴሪያ የሚገኝ፣ 316 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኢንዛይም ሲሆን፣ ዚንኩን የሚይዙት ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ በሰንሰለቱ ላይ 142ኛውና 146ኛው ሂስቲዲኖች እንዲሁም 166ኛው ግሉታሜት ናቸው። ሁለቱ ሂስቲዲኖች በአንድ አልፋ ሂሊክስ (እንደ ጠመዝማዛ በተጠቀለለ የሰንሰለት ክፍል) ላይ ተቀምጠዋል። ሂሊክሱ አንድ ዙር ለመዞር 3.6 አሚኖ አሲዶችን ስለሚወስድ፣ በአራት የሚራራቁት ሁለቱ ሂስቲዲኖች ወደ አንድ ፊት ይመለከታሉ፤ ስለዚህም አንድ ዚንክ በመካከላቸው መያዝ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ሂስቲዲን ቀጥሎ ያለው 143ኛው ግሉታሜት ግን ዚንኩን አይነካም። ሥራው ከዚንኩ ጋር ሳይሆን ዚንኩ ከያዘው ውሃ ጋር ነው። «ሂስቲዲን፣ ግሉታሜት፣ ማናቸውም ሁለት፣ ሂስቲዲን» የሚለው የታወቀ ቅደም ተከተል ምን ያህል ሐሳብ እንዳጨቀ የምትረዱት ይህን ሂሊክስ በስክሪን ላይ በእጃችሁ እያዞራችሁ ስታዩት ነው።

ሦስቱ አሚኖ አሲዶች ሦስት ቦታ ሲይዙ አራተኛው ለውሃ ይቀራል። የሚሰበረው ፕሮቲን ሲገባ የካርቦኒሉ ኦክስጅን ወደ ዚንኩ ይጠጋል፤ ውሃው ሳይወጣ ወደ 143ኛው ግሉታሜት ገሸሽ ይላል፣ ዚንኩም ለጊዜው አምስት አተሞችን ይይዛል። ግሉታሜቱ ከውሃው ፕሮቶን ሲቀበል የቀረው ኦክስጅን ካርቦኑን ያጠቃል፤ የሚፈጠረውን አሉታዊ ሙል ዚንኩ ከ157ኛው ታይሮሲንና ከ231ኛው ሂስቲዲን ጋር ሆኖ ያረጋጋዋል። በመጨረሻ ግሉታሜቱ የተቀበለውን ፕሮቶን ለናይትሮጅኑ ያስተላልፋል፣ ትስስሩም ይበጠሳል። ይህ ትረካ በዋነኛነት የተገነባው የብራየን ማቲውስ ቡድን ኢንዛይሙን ከሚያግዱ ውህዶች ጋር ክሪስታል አድርጎ ካያቸው ቅርጾች ነው። ውህዶቹ በሽግግር ላይ ያለውን ቅርጽ ይመስላሉ እንጂ ራሱን አይደሉም፤ ስለዚህ ትረካው ጠንካራ ግምት መሆኑን ሳትረሱ ተቀበሉት። በፕሮቶኑ ጉዞ ላይ የተለየ ሐሳብ ያቀረቡ ኬሚስቶችም አሉ፤ ክርክራቸውን ማንበብ ከመማሪያ መጽሐፍ ማጠቃለያ የበለጠ ያስተምራል።

በካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ ውስጥ ዚንክ እንዳለ በርት ቫሊና ሃንስ ኑራት በ1950ዎቹ አጋማሽ አሳይተዋል። እዚያ ዚንኩን የሚይዙት 69ኛውና 196ኛው ሂስቲዲኖች ከ72ኛው ግሉታሜት ጋር ናቸው፤ የውሃውን ጉዳይ የሚመራው ደግሞ 270ኛው ግሉታሜት ነው። ሁለቱ ኢንዛይሞች በአጠቃላይ አጣጣፋቸው አይዛመዱም፤ ዝግመተ ለውጥ በተለያየ መንገድ መጥቶ አንድ ዓይነት መፍትሔ ላይ ደርሷል። ሜትዚንሲን የሚባለው ቤተሰብ በግሉታሜቱ ፈንታ ሌላ ሂስቲዲን ይጠቀማል፤ ኢንሱሊንን የሚሰብረው ኢንዛይም ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይዞታል።

አራተኛውን ቦታ መከታተል ከለመዳችሁ፣ የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች መያያዝ ይጀምራሉ። ኮላጅንን የሚሰብሩት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቴዞች ከሕዋስ ሲወጡ ሥራ ፈት ናቸው፤ በራሳቸው ሰንሰለት መግቢያ ላይ ያለ ሲስቴይን የተባለ አንድ አሚኖ አሲድ በድኙ (በሰልፈሩ) ዚንኩን ይዞ ውሃውን ይከለክላል። ያ ክፍል ሲቆረጥ ወይም ሲስቴይኑ ሲነቀል ውሃው ይገባል፣ ኢንዛይሙም ይነቃል። ይህ ማብራሪያ የቀረበው በ1990 ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱ ካፕቶፕሪልም በድኙ አማካይነት የዚንኩን ያንኑ ቦታ ይይዛል። የመድኃኒቱ ፈልሳፊዎች ኦንዴቲና ኩሽማን ሲነድፉት የዒላማቸው ኢንዛይም ቅርጽ አልታወቀም ነበር፤ በካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ እየተመሩ አሰቡ እንጂ። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ1981 ሲፈቀድ፣ የኢንዛይሙ ክሪስታል ቅርጽ የታተመው በ2003 ነው። መሠረታዊ ጥናት ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው ይህን ታሪክ ንገሩት።

ተቃራኒውንም ማወቅ አለባችሁ። ባቲማስታትና ማሪማስታት ለካንሰር የታሰቡ፣ በሃይድሮክሳሜት ጫፋቸው ዚንክን አጥብቀው የሚይዙ ውህዶች ነበሩ። በሰው ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የተጠበቀውን ጥቅም አላሳዩም፤ ማሪማስታትም የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም አስከተለ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ዚንኩን አጥብቆ መያዝና ትክክለኛውን ኢንዛይም መምረጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ዚንኩ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ያለው በዙሪያው ባሉት ኪሶች ውስጥ ነው።

ስለ ላቦራቶሪ ሥራ ጥቂት ልጨምር። ያንን የሂስቲዲንና የግሉታሜት ቅደም ተከተል በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ስላገኛችሁ ብቻ ዚንክ ኢንዛይም አገኘን አትበሉ፤ አጭር ስለሆነ በአጋጣሚም ይገኛል። የቴታነስና የቦቱሊነም መርዞች ይህን ቅደም ተከተል መያዛቸው ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፤ ማስረጃ የሆነው ግን በ1992 ዚንኩ ራሱ በመርዞቹ ውስጥ መገኘቱ፣ የቴታነሱና የቦቱሊነም ቢ መርዝም ሲናፕቶብሬቪን የተባለውን የነርቭ ፕሮቲን ሲቆርጡ መታየታቸው ነው።

ዚንኩን አውጥታችሁ ሥራው መቆሙን ስትፈትሹ ማዕድን አዮኖችን በሚነጥቀው ኬሚካል በኢዲቲኤ ላይ ብቻ አትደገፉ። ኢዲቲኤ ካልሲየምንም ይነጥቃል፤ ቴርሞላይሲን ደግሞ አራት የካልሲየም አዮኖች ቅርጹን ስለሚጠብቁለት፣ እነርሱን ሲያጣ ራሱን በራሱ መቁረጥ ይጀምራል። ያኔ ሥራው የቆመው በዚንክ እጦት ይሁን በመፍረስ መለየት አትችሉም። ሌላው ማዕድን ያዥ ውህድ 1,10-ፌናንትሮሊን ለካልሲየም ብዙም ስለማይጓጓ የተሻለ ነው፤ ጎን ለጎንም ማዕድን መያዝ የማይችለውን 1,7-ፌናንትሮሊን ፈትኑ፤ እርሱም ካገደው ምክንያቱ ዚንኩ አይደለም ማለት ነው። ዚንኩን ስትመልሱም በመጠን ይሁን፤ ቴርሞላይሲንም ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤም ከሚፈልጉት አንድ ዚንክ በላይ ሲጨመርባቸው ይታገዳሉ፤ ትርፉ ዚንክ ከመጀመሪያው አጠገብ፣ በዚያው ውሃውን በሚመራው ግሉታሜት ላይ ይቀመጣልና። የፎስፌት በፈርም ዚንክን ስለሚያዘቅጥ፣ ለዚህ ሙከራ ሄፔስ የተባለውን በፈር ብትመርጡ ይሻላችኋል።