ጥያቄና መልስ፦ በመጠለያ ላሉ ሴቶች ምን ዓይነት መተግበሪያ?

ጥቃት ደርሶባቸው በመጠለያ ስለሚኖሩ ሴቶች ከጻፍሁ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ስልክና ስለ መተግበሪያ የሚጠይቁ ናቸው። አምስቱን እነሆ።

አምስት ኪሎ ሶፍትዌር የሚማሩ ወጣት ለመመረቂያ ሥራቸው ሴቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት መተግበሪያ እየሠሩ ነው። እያንዳንዷ በስሟና በስልክ ቁጥሯ ትመዘገባለች፣ በየማለዳው ስሜቷን ትሞላለች፣ ለሌላዋ መልስ በሰጠች ቁጥር ነጥብ ታገኛለች። ምን ልጨምር ይላሉ።

አይጨምሩ፤ ይቀንሱ። በመጠለያ ያለች ሴት ልጅ ታጥባለች፣ ለፖሊስ ቃሏን ትሰጣለች፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ትጠብቃለች፣ ሌሊቱንም ብዙ ጊዜ ያለ እንቅልፍ ታነጋለች። ለእሷ በየማለዳው የሚሞላ ቅጽ አንድ ተጨማሪ ግዴታ ነው፤ ነጥቡም ዝም ማለት የፈለገችውን ሰነፍ ያስመስላታል። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ ቃል ሳትተነፍስ የተቀመጠችን ሴት ማንም አይቆጣጠራትም፤ መቀመጧ ራሱ ከሰው ጋር መሆን ነው። መተግበሪያዎም ሳትጽፍ እንድትሰማ፣ ሳትሰናበት እንድትወጣ፣ ከወር በኋላ ተመልሳ ሳትጠየቅ እንድትገባ ሊፈቅድላት ይገባል።

ስለ ስልኩም ያስቡ። ብዙ መጠለያዎች አድራሻቸው እንዳይታወቅ ሲሉ የስልክ አጠቃቀምን ይገድባሉ፤ ከሴቶቹም ተራ ስልክ ብቻ ያላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ አሉ። ስለዚህ በድምፅ ይጀምሩ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የአርሶ አደሮች ነፃ መስመር ገበሬው ቁጥር እየተጫነ በቋንቋው የእርሻ ምክር የሚያዳምጥበት ነው። ስለ አዘራር በዚህ መንገድ መምከር ከተቻለ፣ ቀድማት በዚያው ያለፈች ሴት የቀዳችውን የሁለት ደቂቃ ቃል ማሰማትም ይቻላል። አጭር መልእክት ከመረጡ ግን አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በፊደላችን 70 ሆሄ ብቻ እንደሚይዝ፣ መጀመሪያውም በተቆለፈ ስልክ ላይ ሊነበብ እንደሚችል አይርሱ። ከመጠለያ ወጥታ ዘመድ ቤት የገባች ሴት ስልኳ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና የመጠለያው ስም በምንም መልእክት ላይ አይታይ። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፍዎ በፊትም ይህን ሁሉ ከመጠለያው ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

ከካዛንቺስ የጻፉ በጎ ፈቃደኛ፣ ቴሌግራም ነፃ ሆኖ ሳለ ለምን አንድ ቡድን አንከፍትም ይላሉ።

ቁጥሯን በስልኩ የመዘገበ ሰው፣ ሸሽታው የመጣችው ሰው ጭምር፣ አዲስ ቴሌግራም ስትከፍት መግባቷ ሊነገረው ይችላል። ቁጥሯን ማን እንደሚያይና በቁጥሯ ማን እንደሚያገኛት የሚወስኑትን ማስተካከያዎች ከእያንዳንዷ ጋር አብራችሁ ሳትዘጉ ቡድን አትክፈቱ።

አርማው ሐምራዊ ይሁን ወይስ ሮዝ ለሚሉት፦ የፈለጉት ቀለም ይሁን፣ ስሙና ሥዕሉ ግን ስልኳን ያየ ሰው ምንነቱን እንዳያውቅ የሒሳብ ማሽን ወይም የወጥ አሠራር መተግበሪያ የሚመስል ይሁን።

የሴቶቹን መረጃ ለጥናት መጠቀም ይቻላልን? ያለ ፈቃዳቸው አይሆንም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብቡ፣ ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ።

የመጨረሻዋ ጸሐፊ ራሷ በመጠለያ ትኖራለች። ጠንካራ ናት ስለሚሏት ሌሎቹ ሌሊት ሌሊት እየመጡ የደረሰባቸውን ይነግሯታል፤ አሁን ግን የራሷ መከራ ተመልሶ እየመጣባት እንቅልፍ አጥታለች። እንቢ ማለት ክፋት መስሎ ይታያታል።

እኅቴ፣ ክፋት አይደለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛን አንድ ሰው ብቻውን አይደግፍም፤ ጎረቤትና እድርተኛ በተራ ያድራል። «ዛሬ አልችልም፣ ነገ ቀን እንነጋገር» ማለት ትችያለሽ። እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ደብዳቤሽን ደጋግመው ቢያነቡ እመኛለሁ፤ የምታዳምጠው ሴት እረፍቷንና ተተኪዋን ካላገኘች፣ መደጋገፍ የሚሉት ነገር የአንዷን ሸክም በሌላዋ ላይ መጫን ይሆናል። አንቺ ግን የእነሱን ሥራ አትጠብቂ። ለመጠለያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገ ጠዋት ንገሪያት፤ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ብታነቢላትም ይበቃል። እንቅልፉ ካልተመለሰ በአማኑኤል ሆስፒታል ወይም በሌላ ጤና ተቋም የአእምሮ ሐኪም እንዲያይሽ ጠይቂ፤ ይደር ቢሉሽም አትቀበዪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ያን ሌሊት ተረኛ የሆነችውን ቀስቅሺያት።