አማቴን እያስታመምኩ አጉረመርማለሁ፤ ድካሜ ከንቱ ነው?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። አማቴ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ከአልጋ ከዋሉ ዓመታት አልፈዋል። የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸውና የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። ታይዋን ገበያ የነበረኝን ንግድ ትቻለሁ፤ የ15 ዓመት ልጄም እኔ ጉዳይ ሲኖርብኝ አያቷን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የባለቤቴ ወንድሞች መጥተው «አንቺ ጻድቅ ነሽ፣ ዋጋሽን ከፈጣሪ ታገኚያለሽ» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ። እኔ ግን ሌሊት ስጠራ እያጉረመረምኩ ነው የምነሣው። ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ እኛም እንድንሰጥ ታዘናልና፣ እገዛ ብጠይቅ መስቀሌን መሸሽ ይሆንብኛል? ቁልቢ ገብርኤል ለመሄድ የተሳልኩትም እስካሁን አልሆነልኝም።

መልስ፦ እኅታችን፣ ስለ ማጉረምረምዎ እንጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀዎ እርሱ ይመስለናልና። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታችን ስለ ሁለት ልጆች ይናገራል። አባታቸው ወደ ወይኑ አትክልት ሄደው እንዲሠሩ ሲያዝዛቸው አንደኛው «አልሄድም» ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሌላው «እሺ» ብሎ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቁ ሰሚዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያው እንደ ሆነ መሰከሩ። እርስዎም በሌሊት እያጉረመረሙም ቢሆን ተነሥተው ሕመምተኛዋን አገላብጠዋል። ቁጣው ድካምዎ የሚናገርበት አንደበት እንጂ ፍቅርዎ መሞቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አይደለም። ቁጣው በአማትዎ ላይ በክፉ ቃል ወይም በሻካራ እጅ መውጣት ከጀመረ ግን ለእርሳቸውም ለእርስዎም ሲባል በዚያው ቀን ሌላ ሰው እንዲተካዎ ማድረግ ያስፈልጋል።

ራስን አሳልፎ ስለ መስጠት ሲነገር አብዛኞቻችን የምናስበው አንድ ታላቅ ቅጽበትን ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ የሚያስታውስ የከተማችን ነዋሪ፣ ጎረቤቱን ለማውጣት ወደ ውኃው የገባውን ሰው ያከብራል፤ ማክበርም ይገባዋል። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 ክርስቶስ ስለ እኛ ነፍሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ እኛም ስለ ወንድሞቻችን እንድንሰጥ ካሳሰበ በኋላ ግን፣ በቀጣዩ ቁጥር ወደ ሞት ሳይሆን የዚህ ዓለም ገንዘብ እያለው የሚቸገረውን ወንድሙን አይቶ ወደሚጨክን ሰው ይሻገራል። ነፍስን አሳልፎ መስጠት ማዕድን፣ ገንዘብን፣ እንቅልፍን በማካፈል የሚፈጸም መሆኑን ሐዋርያው ያውቅ ነበር። ይህ ቃል እርስዎን ሳይሆን ምርቃት ብቻ ይዘው የሚመጡትን የባለቤትዎን ወንድሞች እንደሚመለከት በግልጽ መናገር አለብን።

ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ በፈለገ ጊዜ፣ ኦርና የተባለው ሰው አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ፈቅዶ ነበር። ዳዊት ግን ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር እንደማያቀርብ ተናግሮ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። በሌላ ሰው ንብረት መሥዋዕት ማቅረብ አይቻልም። ወንድማማቾቹ ለእናታቸው ያለባቸውን ዕዳ በእርስዎ ጉልበት እየከፈሉ ነው፤ እርስዎም፣ ይህን ስንል ልንወቅስዎ አይደለም፣ ከራስዎ አልፈው የልጅዎን ትምህርት ጨምረው እየሰጡ ነው። ንግድዎን ለመተው መወሰን ይችሉ ነበር፤ የልጅዎ የትምህርት ቀን ግን የእርስዎ ስላልሆነ በእርስዎ እጅ የሚቀርብ መሥዋዕት ሊሆን አይችልም። አያቷን መውደድንና መርዳትን ከትምህርት ቤት በምትመለስበት ሰዓት ትማረዋለች።

እገዛ መጠየቅ መስቀልን መሸሽ ነው ወይ ላሉት፣ ጌታችን በጌቴሴማኒ ያደረገውን ይመልከቱ። ጽዋው እንዲያልፍለት ጸለየ፤ ሦስቱን ደቀ መዛሙርትም «ከእኔ ጋር ትጉ» ብሎ ለመናቸው። እነርሱ ተኙ፤ የተገሠጹት ግን የተኙት እንጂ የለመነው አይደለም። መስቀሉንም በፈቃዱ ነው የተሸከመው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነፍሱን ማንም እንደማይወስድበት፣ ራሱ በፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናግሯል። ሰው ስለሚያፍር ወይም እምቢ ማለት ስላልቻለ ብቻ የሚሸከመው ሸክም ከዚህ ይለያል።

ስለዚህ ባለቤትዎ፣ እርስዎ ሳይሆኑ ባለቤትዎ፣ ወንድሞቹን ሰብስበው ይነጋገሩ። ከአልጋ የማይነሣ ሕመምተኛ ጀርባውና ተረከዙ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ በድሬዳዋ ሙቀት ላቡ ሲጨመርበት ቆዳው ይበልጥ ይጎዳል። ይህንን ሌሊትም ቀንም አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው አይችልም። መምጣት የሚችል ሌሊት ተራ ይግባ፤ መምጣት የማይችል ለአስታማሚ የሚከፈለውን ደመወዝ ያዋጣ። እድራችሁም ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለታመመ አባል ቤተሰብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠይቁ፤ በኤች አይ ቪ ዘመን በቤት ለቤት ክብካቤ የተሰማሩ እድሮች እንደ ነበሩ አይዘነጋም። አማትዎ መናገር ከቻሉም ከማንም በፊት እርሳቸው ይጠየቁ፤ ምናልባት የልጆቻቸውን እጅ ናፍቀው ይሆናል።

ስለ ቁልቢው ስእለትዎ፣ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከወንድማማቾቹ አንዱ ከእናቱ ዘንድ እንዲያድር ከአሁኑ ቀጠሮ ይያዝና እርስዎ ይሂዱ። ካልተሳካም ክብረ በዓሉ ሐምሌ 19 ቀንም ይውላል፤ የዘገዩበትን ምክንያት ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው።